ለአብራሪ ስክሪን የካርታ ምልክት መንደፍ፦ የጎንደርን ካርታ መፈተኛ አድርጎ

እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ማስመሪያ አንሡ። አብራሪው ተደላድሎ ሲቀመጥ ከዐይኑ እስከ ስክሪኑ ያለው ርቀት ካልታወቀ የምልክቱ መጠን ግምት ሆኖ ይቀራል። ፓነል ላይ ለተገጠመ ስክሪን ከ70 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ጭን ላይ ለታሰረ ታብሌት ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ስለ ኤሌክትሮኒክ ማሳያዎች ያወጣው ኤሲ 25-11 የተባለው መመሪያ የፊደል ቁመት የዕይታ ርቀቱን 1/200ኛ ያህል ቢሆን ይቀበለዋል። በ75 ሴንቲ ሜትር 3.75 ሚሊ ሜትር፣ በ50 ሴንቲ ሜትር 2.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ምልክት ግን በሆዱ ሌላ ቅርጽ፣ ነጥብ ወይም ክፍተት ስለሚይዝ እኛ የዚህን አንድ ተኩል እጥፍ እንሰጠዋለን፤ ለፓነል ከ5 እስከ 6፣ ለጭን ታብሌት 4 ሚሊ ሜትር።

ቀጥሎ ሚሊ ሜትሩን ወደ ፒክስል መመንዘር ነው። በኢንች 264 ፒክስል ያለው ታብሌት በአንድ ሚሊ ሜትር 10 ያህል ፒክስል ይሰጣችኋል፤ 5 ሚሊ ሜትር ማለት 52 ፒክስል ነው። በኢንች 100 ፒክስል ብቻ ባለው የቆየ የፓነል ስክሪን ላይ ያው 5 ሚሊ ሜትር 20 ፒክስል ይሆናል። ከትንሹ ጀምሩ። ትልቅ የቢሮ ስክሪን ላይ አድምቆ የተሳለ ምልክት ወደ 20 ፒክስል ሲወርድ ድፍን ሆኖ ይቀራል፤ በ20 ፒክስል የቆመ ምልክት ግን ወደ 52 ሲያድግ ምንም አይጎድለው። ከ20 ይልቅ 21 ብትይዙ ይሻላል፤ ጎዶሎ ቁጥር መሐል ላይ አንድ ፒክስል ስላለው ምልክቱ የተተከለበት ነጥብ በሁለት ፒክስል መካከል አይንገዋለልም።

መፈተኛ ካርታ ስትመርጡ ጎንደርን ውሰዱ። እዚሁ ስለምንኖር አይደለም፤ በአንድ ስክሪን ይህን ያህል የመሬት ልዩነት የሚሰጥ ቦታ ጥቂት ስለሆነ ነው። አዘዞ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,970 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በደቡብ ጣና 1,790 ሜትር አካባቢ ተኝቷል። በሰሜን ምሥራቅ 70 ኖቲካል ማይል (አንዱ 1.85 ኪሎ ሜትር ነው) ያህል ርቆ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ይቆማል። በምዕራብ ወደ መተማ ሲወረድ መሬቱ ከ1,000 ሜትር በታች ይገባል። 16 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስክሪን ላይ 160 ኖቲካል ማይል ብታሳዩ ይህ ሁሉ በአንድ ዕይታ ይገባል፤ ሒሳቡም ይቀላል፣ 1 ሚሊ ሜትር 1 ኖቲካል ማይል ነው።

እዚህ ካርታ ላይ መጀመሪያ የሚጋለጠው የመሬት ከፍታ ቀለም ነው። ብዙ የከፍታ ቀለም ሰንጠረዦች ለቆላማ አገር የተሠሩ ናቸው፤ ዝቅተኛው መሬት ብዙ እርከን ያገኝና ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው ሁሉ በአንድ ጥቁር ቡናማ ይሸፈናል። በዚህ ሰንጠረዥ ደባርቅና ዳባት ከነዙሪያቸው አንድ ቀለም ሆነው ቁጭ ይላሉ፤ ላያቸው ላይ የተቀመጠ ቡናማ ወይም ጥቁር ምልክት ይሰምጣል። ያው ምልክት መተማ ላይ በቢጫማው ዳራ ጥርት ብሎ ይነበባል። ስለዚህ አንድ ምልክት ደባርቅም መተማም ጣናም ላይ እኩል እንዲነበብ ጠርዝ ያስፈልገዋል፦ ብሩህ መስመር በውስጥ፣ ጥቁር ክፈፍ በውጭ። ክፈፉ በ100ው ስክሪን 1 ፒክስል፣ በ264ቱ ከ2 እስከ 3 ፒክስል ይበቃል። ክፈፉን ያለ ልክ ማወፈር ሌላ ችግር ያመጣል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ምልክቶች ክፈፋቸው ይገናኝና አንድ ትልቅ ጥቁር ጉብታ ይመስላሉ።

ቅርጽን በተመለከተ አቋማችን ግትር ነው፤ ያለውን አትቀይሩ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በአኔክስ 4 የወረቀት ካርታ ምልክቶችን ደንግጓል፤ ለስክሪን ደግሞ ኤስኤኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ሰነድ ኤአርፒ 5289 አለ። አብራሪው ትምህርት ቤት የተማረው ያንን ነው። ቪኦአር፣ አቅጣጫ የሚሰጠው የሬዲዮ ጣቢያ፣ ባለ ስድስት ጎን ነው፤ ዲኤምኢ፣ ርቀት የሚሰጠው፣ አራት ማዕዘን ነው፤ ቪኦአርና ዲኤምኢ አንድ ላይ ሲሆኑ ስድስት ጎኑ አራት ማዕዘኑ ውስጥ ይገባል። ኤንዲቢ፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚያሰራጨው የሬዲዮ ጣቢያ፣ በነጥቦች የተከበበ ክብ ነው። አብራሪው ቦታውን በሬዲዮ የሚያሳውቅበት የሪፖርት ነጥብ ሦስት ማዕዘን ሆኖ፣ ሙሉው ግዴታ፣ ባዶው ሲጠየቅ ብቻ የሚደረግ ሪፖርት ነው። ዌይፖይንት፣ መስመሩ የሚያልፍበት የጉዞ ነጥብ፣ ባለ አራት ጫፍ ኮከብ ነው። ይህን ትቶ «የሚያምር» አዲስ ቅርጽ መፍጠር የአብራሪውን የዓመታት ልምድ መንጠቅ ነው። የነዳፊው ሥራ ያው ቅርጽ በትንሽ መጠን፣ በክፉ ብርሃን፣ በተጨናነቀ ካርታ ላይ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው፤ እሱም በቂ ሥራ ነው።

ለምሳሌ ቪኦአር ዲኤምኢን በ21 ፒክስል እንቁጠረው። የአራት ማዕዘኑ መስመር 2 ፒክስል ቢወፍር ከግራና ከቀኝ 4 ይወስዳል፣ 17 ይቀራል። በአራት ማዕዘኑና በስድስት ጎኑ መካከል ከየጎኑ 2 ፒክስል ክፍተት ይተዋል፣ 13 ይቀራል። የስድስት ጎኑ ወርድ ያ 13 ነው፤ ቁመቱ ግን 11 መሆን አለበት፣ ምክንያቱም የእኩል ስድስት ጎን ቁመት የወርዱ 0.87 ያህል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ 13 በ13 ያደርገውና ስድስት ጎኑ ክብ መስሎ ይወጣል። መስመሩ 2 ፒክስል ሲሆን ውስጡ 9 ይተርፋል፤ መሐሉ ላይ 3 ፒክስል ነጥብ ብታስቀምጡ ከየጎኑ 3 ይቀራል። ልክክ ብሎ ይገባል፣ ግን ከዚህ በኋላ አንድ ፒክስል እንኳ የሚቀነስበት ቦታ የለም። ፕሮግራመሩ «ትንሽ እናሳንሰው» ቢል በመጀመሪያ የሚሞተው ክፍተቱ ነው፤ ክፍተቱ ሲሞት ቪኦአር ዲኤምኢና ዲኤምኢ አንድ ይሆናሉ። ማሳነስ ግድ ከሆነ መሐል ያለውን ነጥብ አውጡ፤ ክፍተቱን አትንኩ።

የኤንዲቢ ነጥቦች ደግሞ በራሳቸው አስቸጋሪ ናቸው። የወረቀቱን ያህል ቀለበትና ነጥብ ወደ ስክሪን ብታመጡ የመስመር ጠርዝ የሚያለሰልሰው የሶፍትዌር ዘዴ ነጥቦቹን አሟሙቶ ግራጫ ጭጋግ ያደርጋቸዋል። ነጥብ ከ2 ፒክስል፣ በነጥቦች መካከል ያለው ክፍተትም ከ2 ፒክስል እንዳያንስ። በ9 ፒክስል ራዲየስ ያለ ቀለበት ዙሪያው 56 ፒክስል ስለሆነ 14 ነጥብ ይይዛል፤ በ5 ፒክስል ያለው ውስጠኛ ቀለበት 7 ወይም 8። ሁለት ቀለበት ይበቃል። ካርታው ከአውሮፕላኑ ጋር ሲንቀሳቀስ ነጥቦቹ ብልጭ ድርግም ካሉ ምክንያቱ የምልክቱ ቦታ በክፍልፋይ ፒክስል መሰላቱ ነው፤ ቦታው ወደ ሙሉ ፒክስል ይጠጋጋ፣ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ዐይን የሚንቀሳቀስ ነገር ሳይፈልግ ይከተላልና ይህን ቀላል ነገር ብሎ መተው አይገባም።

በጣም ልብ የሚፈልገው ጥንድ በኮከቡና በክብ በተከበበው ኮከብ መካከል ያለው ነው። ኮከብ ብቻውን ሲሆን አውሮፕላኑ ነጥቡ ሳይደርስ መታጠፍ ይጀምራል፤ ኮከቡ ክብ ውስጥ ሲሆን ነጥቡን በላዩ ካለፈ በኋላ ነው የሚታጠፈው። ልዩነቱ ስንት ነው? በ180 ኖት (በሰዓት 180 ኖቲካል ማይል) እውነተኛ ፍጥነትና በ25 ዲግሪ ጋደል፣ ነፋስ ሳይቆጠር፣ የመታጠፊያው ራዲየስ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ማለትም 1 ኖቲካል ማይል ያህል ነው። ለ90 ዲግሪ መታጠፊያ የመጀመሪያው ከነጥቡ 1 ማይል ቀድሞ ይጀምራል፣ ሁለተኛው ነጥቡን አልፎ ወዲያ ማዶ ይወጣል። የስሜን ተራሮችን በመሰለ ገደላማ አገር ላይ ማዶው ሌላ ሸንተረር ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ የሚለየው አንድ ቀጭን ክብ ነው። በ21 ፒክስል የኮከቡ ጫፎች ክቡን ከነኩ ዐይን የሚያየው ድፍን ሳንቲም ነው። ኮከቡን ወደ ክቡ ወርድ 60 በመቶ አውርዱት፤ በጫፉና በክቡ መካከል 2 ፒክስል ባዶ ይኑር። መስመር በማወፈር ለማድመቅ መሞከር ነገሩን ያባብሰዋል።

ባዶና ሙሉ ቅርጽ ላይም የተደበቀ ወጥመድ አለ። ባዶ ሦስት ማዕዘን ውስጡ ግልጽ ሆኖ ዳራውን የሚያሳይ ከሆነ፣ ጥቁር ቡናማ መሬት ላይ ሲደርስ በጥቁር የተሞላ ይመስላል። መፍትሔው ሙሉውን ምልክት በራሱ የመስመር ቀለም፣ ማለትም በብሩሁ መሙላት ነው፤ ባዶው ደግሞ የውስጡ ወርድ ከጠቅላላው ወርድ ሲሶ እንዳያንስ ማድረግ። ሲሶ ከወረደ ብርሃን ሲበዛ ይደፈናል።

እያንዳንዱ ምልክት መሬት የሚነካበት ነጥብ አለው፤ ይህን ነጥብ በጽሑፍ ካላስቀመጣችሁ ሶፍትዌሩ የሥዕሉን መሐል ይወስዳል። ለኮከብና ለስድስት ጎን ትክክል ነው። ለመሰናክል ግን ስሕተት ነው፤ የመሰናክል ምልክት የተገለበጠ «ቪ» ሆኖ ከእግሩ ሥር ነጥብ አለው፣ ማማው የቆመው እዚያ ነጥብ ላይ ነው። ቁመቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ምልክት በመሐሉ ቢተከል ነጥቡ 2.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በጎንደሩ ስክሪን ላይ ይህ 2.5 ኖቲካል ማይል ነው፤ ኮረብታ ላይ ያለ የቴሌኮም ማማ ወርዶ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። በደጋ አገር የመሰናክል ቁጥሮችም ጥንቃቄ ይሻሉ። ሁለት ቁጥር አለ፦ የጫፉ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ፣ በቅንፍ ደግሞ ከመሬት በላይ ያለው ቁመት። 8,500 ጫማ ኮረብታ ላይ የቆመ የ200 ጫማ ማማ 8,700 ተብሎ በቅንፍ 200 ይጻፋል። ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚወጣው የቅንፉ ነው። 200 ብቻውን ስክሪን ላይ መቅረት በፍጹም የለበትም። በባሕር ዳርቻ አገር ሁለቱ ቁጥሮች ስለሚቀራረቡ ይህ ስሕተት እዚያ ሲፈተን አይያዝም፤ እዚህ ግን 8,500 ጫማ ይውጣል።

ካርታው ወደ ጉዞ አቅጣጫ ሲዞር ምን አብሮ ይዞራል? መንደርደሪያ፣ የአየር መንገድ መስመርና የመቆያ ዙር ከመሬቱ ጋር ይዞራሉ። ጽሑፍ፣ ስድስት ጎን፣ ሦስት ማዕዘንና መሰናክል ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ኮከቡም አይዞርም፤ ባለ አራት ጫፉ ኮከብ 45 ዲግሪ ቢዞር የኤክስ መልክ ይይዛል፣ ኤክስ ደግሞ ለተዘጋ ማረፊያ የምንጠቀምበት ምልክት ነው። የጎንደር መንደርደሪያ ቁጥሩ 16 እና 34 ሲሆን ርዝመቱ 2.8 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 1.5 ኖቲካል ማይል ነው፤ በ160 ማይሉ ዕይታ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፣ አይነበብም። እስኪነበብ ድረስ ቋሚ መጠን ያለው የማረፊያ ምልክት አሳዩ፤ ስክሪኑ ወደ 48 ማይል ሲቀርብ የመንደርደሪያው ርዝመት 5 ሚሊ ሜትር ይሞላል፣ ያኔ በእውነተኛው ልክ ይሳል። በጣት የሚዘረጋ ዙም ከሆነ ሲገባ በ45፣ ሲወጣ በ50 ማይል ይቀያየር፤ አንድ ቁጥር ላይ ከሆነ ጣት ትንሽ ሲንቀሳቀስ ሁለቱ ሥዕሎች ይፈራረቃሉ።

ቀለም በመጨረሻ ይምጣ። ቀይ ለማስጠንቀቂያ፣ ብርቱካናማ ቢጫ ለጥንቃቄ ተይዘዋል፤ ለጌጥ አታውጧቸው። ማጀንታ በልማድ የሚበረርበት መስመር ነው። መረጃ የሚለዩ ቀለሞች ከ6 እንዳይበልጡ፤ ንጹሕ ሰማያዊም ለትንሽ ምልክትና ለቀጭን መስመር አይሆንም፣ ዐይን በደንብ አያጠራውም። የመሬት ማስጠንቀቂያው ሲበራ ከአውሮፕላኑ በላይ ያለው መሬት ቀይ ይለብሳል፤ በ11,000 ጫማ ወደ ስሜን ተራሮች የሚጠጋ አውሮፕላን ስክሪን ላይ ሰሜን ምሥራቁ ቀይ ይሆናል። ቀይ መሰናክል እዚያ ላይ የለም ማለት ነው፤ ነጭ ውስጥና ጥቁር ክፈፍ ያለው ግን ይቀራል። ሙሉውን የምልክት ስብስብ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይራችሁ እዩ፤ በቀለም ብቻ የሚለይ ጥንድ ካለ ቅርጹ ገና አላለቀም። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚያዳግታቸው ወንዶች ጥቂት አይደሉም፤ ከዚያም በላይ የቀትር ፀሐይ ቀለም ያጠፋል።

የፀሐይ ፈተናውን በበጋ ቀትር ላይ በረንዳ ላይ አድርጉት፤ የጎንደር ፀሐይ አታዳላም። መጀመሪያ የሚጠፋው ቢጫ ቀጭን መስመር ነው፣ ቀጥሎ ግራጫ ሙሊት። ፖላራይዝድ መነጽር አድርጋችሁ ታብሌቱን በቁሙም በአግድሙም አዙሩ፤ አንዳንዱ በአንድ አቅጣጫ ጭልም ይላል። የጨለማውን ፈተና መስኮት በሌለው ክፍል፣ ብርሃኑን እስከ ታች አውርዳችሁ፣ ዐይን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ተቀምጣችሁ አድርጉ። በዚያ ብርሃን ነጭ ሙሊት ያለው ትልቅ ምልክት ዐይን ይወጋል፤ ለሌሊት የተለየ የቀለም ሰንጠረዥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የመሬት ላይ ምልክት ላይ ጎንደር ሰውን ታሳስታለች። አርባ አራት ታቦት የሚባልለት ከተማ ነውና ሁሉም ቤተ ክርስቲያን መስቀል ይደረግለት የሚል ሐሳብ በቀላሉ ይመጣል። ይደረግ ቢባል ከተማው በመስቀል ይሸፈናል፤ ትንሽ መስቀል ደግሞ ባለ አራት ጫፍ ኮከብ ይመስላል። አብራሪ ከላይ በእርግጥ የሚለየውን ብቻ አስቀሩ፦ በጎርጎራ በኩል ያለውን የጣና ዳርቻ፣ የአንገረብን ግድብ ውኃ፣ ዋናውን አስፋልት፣ የከተማውን ቅርጽ።

ጽሑፍ ላይ አንድ የአገራችን ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ማረፊያዎች የአራት ፊደል መለያ ሁሉ በኤችና በኤ ይጀምራል፤ ጎንደር ኤች-ኤ-ጂ-ኤን፣ ባሕር ዳር ኤች-ኤ-ቢ-ዲ ነው። ሶፍትዌሩ ቦታ ሲያጣ ከኋላ ሁለት ፊደል የሚቆርጥ ከሆነ ሁሉም አንድ ስም ይይዛሉ። ጽሑፍ አይቆረጥ፤ ወይ ይታይ ወይ ሙሉ በሙሉ ይነሣ። ሲነሣም ቅደም ተከተል ይኑረው፤ መጀመሪያ የመሬት ላይ ምልክቶች ስም፣ ከዚያ በመስመር ላይ የሌሉ ዌይፖይንቶች። በሚበረርበት መስመር ላይ ያለ ነጥብ ስሙ አይነሣም።

የራስ አውሮፕላን ምልክት ከሁሉ በላይ ይሳላል፤ ከሱ በላይ የሚወጣው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ብቻ ነው። አቅጣጫው ካልታወቀ ሹል ያለው ምልክት አታሳዩ፣ ክብ ይሁን፤ ቦታው ራሱ ካልታወቀ ከናካቴው ይነሣ። የመጨረሻውን ቦታ ይዞ ቆሞ የቀረ የአውሮፕላን ምልክት ስክሪን ላይ ከሚታይ ነገር ሁሉ የከፋው ነው።

ፈተናው ሲመጣ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ምልክቶቹን በእውነተኛ መጠናቸው በአራት ዳራ ላይ አድርጉ፦ ጣና ላይ፣ መተማ ላይ፣ ደባርቅ ላይ፣ ቀይ መሬት ላይ። እያንዳንዱን ለአንድ ሰከንድ አሳዩና ሰውዬው ስሙን ይጥራ። የተሳሳተውን ብዛት ብቻ አትመዝግቡ፤ ምኑን ከምኑ ጋር እንዳምታታ በሰንጠረዥ ጻፉ፣ በአግድም የታየው በቁም የተጠራው። ስሕተት በአንድ ሣጥን ላይ ሲከማች የሚስተካከለው ጥንድ ያ ነው። አንዱን ካስተካከላችሁ በኋላ ሙሉውን ስብስብ መልሳችሁ ፈትኑ፤ ከኮከቡ የራቀ ክብ ወደ ኤንዲቢ ሊጠጋ ይችላል። ከአብራሪዎች ጋር ጀማሪ ተማሪዎችንም አስገቡ፤ ልምድ ያለው ሰው ድፍኑን ምልክት ከቦታው ተነሥቶ ይገምታል፣ ተማሪው ግን ያየውን ብቻ ነው የሚናገረው።

ለፕሮግራመሩ ሥዕል ብቻ አታስረክቡ። ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ ገጽ ይኑር፦ ስሙ፣ በ100ም በ264ም ስክሪን ላይ ያለው መጠን በፒክስል፣ የተተከለበት ነጥብ በፒክስል ቁጥር፣ ይዞር አይዞር፣ የቀንና የሌሊት ቀለሙ፣ በስንተኛው ንጣፍ እንደሚሳል፣ ሲጨናነቅ ስንተኛ ሆኖ እንደሚነሣ። ክፈፉ ሥዕሉ ውስጥ ተሠርቶ የመጣ ይሁን ወይስ ፕሮግራሙ የሚጨምረው፣ በግልጽ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ሁለታችሁም ትጨምሩታላችሁ፣ የቪኦአር ዲኤምኢው 2 ፒክስል ክፍተትም በዚያው ይደፈናል።